የተወጋ አይረሳም፦ ስለ ክትባት እምቢታ ለአንዲት ነርስ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምሠራው ከሌላ አገር መጥተው የሰፈሩ፣ በቁጥርም አነስተኛ የሆኑ ሰዎች በብዛት በሚታከሙበት የጤና ተቋም ነው። እናቶቹ ልጃቸው ሲታመም ሳይውሉ ሳያድሩ ያመጣሉ፤ የታዘዘውንም መድኃኒት በሰዓቱ ይሰጣሉ። የኩፍኝ ክትባት ሲባል ግን ፊታቸው ይለወጣል። በራሪ ወረቀት ሰጠሁ፣ ጥናት ጠቀስኩ፣ አልሆነም። ባለፈው ሳምንት አንዷ ‹እናንተ ስለ እኛ መቼ ተጨንቃችሁ ታውቃላችሁ?› ብላኝ ወጣች። ይህ የእውቀት ማነስ ነው ወይስ ሃይማኖት? ምንስ ላድርግ?»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። መልሱን እርስዎው ይዘውት መጥተዋል፤ እናትየዋ ስትወጣ የተናገረችው ቃል ነው። እስቲ መልሰው ያንብቡት። ስለ ኩፍኝ አንዲት ቃል የለበትም። ክትባቱ ምን እንደያዘም፣ ሃይማኖቷ ምን እንደሚልም አላነሳችም። የጠየቀችው ስለ እናንተ ነው።

ልጁን እንዲያስከትብ የሚጠየቅ ወላጅ በልቡ ሁለት ነገር ይመዝናል። አንደኛው መርፌው ምን ይሠራል የሚለው ነው። ሁለተኛው መርፌውን የያዘው ሰው ለልጄ ይሳሳል ወይ የሚለው ነው። የመጀመሪያው በጥናትና በበራሪ ወረቀት ይመለሳል። ለሁለተኛው ወረቀት አይሠራም፤ ያተመው ራሱ የተጠረጠረው ወገን ነውና እንዲያውም ጥርጣሬውን ያጠነክረዋል። እርስዎ ለአንደኛው ጥያቄ ደህና መልስ ይዘው ሲቀርቡ፣ የተጠየቁት ሁለተኛውን ነበር።

በአማርኛ ጦርም መርፌም «ይወጋል»። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ያሉት አበው ስለ ጦሩ ነበር። እኔ ግን በዚህ ሙያ በቆየሁ ቁጥር ስለ መርፌው የተተረተ እየመሰለኝ መጥቷል።

በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ የሚነሳው የተስኪጊ ታሪክ ነው። ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ስለሚያውቀው ላውጋዎት። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1932 የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ጤና አገልግሎት በአላባማ፣ ተስኪጊ የምትባለው ከተማ ባለችበት በሜከን አውራጃ 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን መዘገበ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው፣ 201ዱ አልነበረባቸውም። «መጥፎ ደም አለባችሁ፣ እናክማችኋለን» ተባሉ። የተፈለገው ግን በሽታው ሳይታከም ሲቀር ሰውን እስከ መቃብር ምን እንደሚያደርገው ማየት ነበር። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን የቂጥኝ መድኃኒት መሆኑ ታውቆ ለሌላው ሲሰጥ ለእነሱ ተከለከለ። ነገሩ 40 ዓመት ቀጠለ። በ1972 ያስቆመውም የሐኪሞች ማኅበር አይደለም፤ ከውስጥ ያፈተለከ መረጃና የጋዜጣ ዘገባ ነው። በመንግሥት ስም ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው።

ታዲያ ብዙ ሰው «በሽታውን በመርፌ ወጉባቸው» ሲል ይሰማሉ። ተስኪጊ ላይ አልወጉባቸውም፤ የነበረባቸውን ሳያክሙ ተዉት። ጓቲማላ ላይ ግን ከ1946 እስከ 1948 የዚሁ መንግሥት ተመራማሪዎች እስረኞችን፣ ወታደሮችንና የአእምሮ ሕሙማንን ሆን ብለው በአባላዘር በሽታ አስይዘዋል። አሜሪካ ለዚህም በ2010 ይቅርታ ጠይቃለች። አንድ ታካሚ ሁለቱን ታሪኮች ቢያደባልቅብዎ «ተሳስተዋል፣ አልተወጉም» ብለው ለማረም አይቸኩሉ። በዝርዝሩ ልክ ነዎት፤ ሰውየውን ግን ያጡታል።

ከአማርኛ ተናጋሪዎች መካከል ደግሞ የጥር 1996ቱን የእስራኤል ጉዳይ በዓይኑ ያየ አይጠፋም። የደም ባንኩ ከቤተ እስራኤል ለጋሾች ደም ሲቀበል፣ አመስግኖም ሲሸኝ ከቆየ በኋላ፣ ኤች አይ ቪ ይኖርበታል በሚል ስጋት ለማንም ሳይናገር ደሙን ሲደፋ እንደነበር በጋዜጣ ወጣ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ በቁጣ ሰልፍ ወጡ። ያንን ቁጣ ያመጣው ስጋቱ ብቻ አይመስለኝም። አንድን ቡድን ከደም ልገሳ ማግለል በሌሎች አገሮችም የነበረ አሠራር ነው። ያመረረው ምስጋናው ነው፤ ፊት ለፊት ፈገግ ብሎ ተቀብሎ ከኋላ መድፋቱ። ከዚያም የዴፖ ፕሮቬራ የወሊድ መከላከያ መርፌ ጉዳይ ተከተለ። ኢትዮጵያውያን ሴቶች ምንነቱን ሳይረዱ ተሰጥቷቸዋል የሚል ክስ ከተነሳ በኋላ፣ በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር ምን እንደሚያስከትል ላልተረዳች ሴት መርፌው እንዳይታደስ አዘዙ። በኋላ ነገሩን የመረመረው የመንግሥት ተቆጣጣሪ በግዳጅ ለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ይሁን። ግን «ሳትረዳ አትስጧት» የሚል መመሪያ ማስፈለጉ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ባልደረቦቼ ተስኪጊን የሚጠቅሱበት መንገድ ያናድደኛል። ጥርጣሬው ከአያት የተወረሰ፣ ዛሬ ምንጭ የሌለው ቁስል አስመስለው ያወሩታል። ይህ ለእኛ ለሐኪሞች ይመቸናል፤ ጥፋተኞቹ ሞተዋላ! ታካሚው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሰው የ1932ቱን አይደለም፤ ያለፈውን ወር ቀጠሮ ነው። አምኛለሁ ብላ ሕመሟን ስትናገር «አታጋንኚ» የተባለችው ሴት የታሪክ መጽሐፍ አያስፈልጋትም። በ2016 የታተመ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ከተጠየቁት ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ተለማማጅ ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ ስለ ጥቁሮች አካል ቢያንስ አንድ ሐሰት እንደሚያምኑ አሳይቷል፤ ለምሳሌ ቆዳቸው ወፍራም ነው የሚለውን። ጣት ላይ ተሰክቶ የደም ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ደግሞ የጥቁር ታካሚዎችን የኦክስጅን እጥረት ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑ በ2020፣ በወረርሽኙ መሃል፣ ታትሟል። ይህ ሁሉ የትናንት ነው። ጥርጣሬውን የባህል ችግር ብሎ የሚጠራ ሰው እነዚህን ሁለት ግኝቶች የት እንደሚያስቀምጣቸው እጠይቀዋለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ በጣም ወደሚቀርበው ልምጣ፦ የሚኒሶታ ሶማሌዎች።

በ2004 በዚያ የአሜሪካ ግዛት የሚኖሩ የሶማሌ ልጆች ሁለት ዓመት ሲሞላቸው 92 በመቶው የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የጀርመን ኩፍኝ ጥምር ክትባት ወስደው ነበር። ሃይማኖታቸው ያኔም ያው ነው፤ ቋንቋቸውም ያው ነው። በ2014 ቁጥሩ ወደ 42 በመቶ ወረደ። መሃል ላይ ምን ተፈጠረ? በ2008 ገደማ ወላጆች በመዋዕለ ሕፃናት የልዩ ፍላጎት ክፍሎች ውስጥ የልጆቻቸው ቁጥር መብዛቱን አስተዋሉ። ኦቲዝም የሚለውን ቃል ብዙዎቹ የሰሙት እዚያው ነው። «ለምን የእኛ ልጆች?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው የወላጅ ጥያቄ ነው፤ የሳይንስም ጥያቄ ነው። ባለሥልጣናቱ ቁጥሩን መመርመር ጀመሩ፤ ሥራው ግን ዓመታት ፈጀ፣ ምክንያቱን የሚነግራቸውም አልተገኘም።

በዚያ ክፍተት ውስጥ አንድሩ ዌክፊልድ ገባ። በ1998 በ12 ልጆች ላይ ጽፎ ክትባቱን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው እንግሊዛዊ ነው። ጽሑፉ በ2010 ከመጽሔቱ ተሰርዟል፤ እሱም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፍቋል። ሰውየው ግን ሚኒያፖሊስ ድረስ ሄዶ ከሶማሌ ወላጆች ጋር ተቀመጠ፣ አዳመጣቸው፣ መልስም ሰጣቸው። መልሱ ሐሰት ነው። በ2019 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ብቻ 657,461 ልጆችን ተከታትሎ ክትባቱ ኦቲዝም እንደማያመጣ አረጋግጧል። ቢሆንም የመጣው እሱ ነው። ሌላው ወገን ሲመጣ ደግሞ የመለሰው ያልተጠየቀውን ነበር። «ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል?» ለሚለው «አያመጣም» አለ። «ለምን የእኛ ልጆች?» የሚለው እንደተንጠለጠለ ቀረ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ2013 ሲወጣ በሚኒያፖሊስ የሶማሌና የነጭ ልጆች የኦቲዝም መጠን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፦ ከ32 አንድና ከ36 አንድ። ልዩነቱ ኦቲዝም ያለባቸው የሶማሌ ልጆች ከአእምሮ እድገት ውስንነት ጋር የሚገኙት በብዛት መሆኑ ነው። ወላጆቹ ዓይናቸው አልዋሸም ማለት ነው፤ ከባድ የሆነ ነገር አይተዋል። ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በ2017 የጸደይ ወራት ኩፍኝ ገብቶ 75 ሰው ያዘ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ «እውቀት ማነስ ነው ወይስ ሃይማኖት?» ላሉኝ፣ እዚህ ሁለቱም አልነበሩም። የነበረው በጊዜው መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጥርጣሬውን የወለደው ራሱ የክትባት ወይም የመድኃኒት ዘመቻ ነው። በ1996 የናይጄሪያዋን ካኖ ማጅራት ገትር ባጠቃት ጊዜ ፋይዘር ትሮቫን የተባለ አዲስ መድኃኒት በ100 ልጆች ላይ ሞከረ፤ ሌሎች 100 ነባሩን መድኃኒት ወሰዱ። ከሁለቱም ወገን በድምሩ 11 ልጆች ሞቱ። ቤተሰቦቹ ሙከራ መሆኑን አልተነገረንም አሉ፤ ኩባንያው የገደላቸው በሽታው ነው፣ የቃል ፈቃድም ወስጃለሁ አለ። ጉዳዩ በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። እንግዲህ ይህ ክስ ገና ሳይበርድ ነው በ2003 የፖሊዮ ከታቢዎች በዚያው ግዛት በር ያንኳኩት። መካን ያደርጋል ተባለ፣ ዘመቻው አንድ ዓመት ገደማ ቆመ፣ ቫይረሱም ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ 20 ያህል አገሮች ዞረ። ወሬው ሐሰት ነበር። የተፈታውም በክርክር ሳይሆን ክትባቱ ከኢንዶኔዢያ፣ ከሙስሊም አገር፣ ሲመጣ ነው። በ2011 ደግሞ ፓኪስታን ውስጥ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ቢን ላደን ያለበትን ቤት ለማረጋገጥ ሲል የጉበት ክትባት ዘመቻን መሸፈኛ አድርጓል። ዋይት ሐውስ ይህ እንደማይደገም በጽሑፍ ያረጋገጠው በ2014 ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ በር ላይ የቆመን ከታቢ «ሰላይ ነህ» የሚልን ሰው ቅዠታም ማለት ይከብደኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ግን ሁሉንም እምቢታ በታሪክ አይፍቱት። «እምቢተኛ» ተብለው ከሚመዘገቡት መካከል ቀጠሮው ከሥራ ሰዓታቸው ጋር የተጋጨባቸው፣ አስተርጓሚ ያልተገኘላቸው፣ ደብዳቤው በማያነቡት ቋንቋ የደረሳቸው ብዙ ናቸው። እነዚህ የሚፈልጉት የቅዳሜ ክፍለ ጊዜ ነው። ሌሎች ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አላቸው። የእንግሊዝ ሙስሊም ወላጆች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከሁለቱ የኩፍኝ ጥምር ክትባቶች አንዱ ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን አለው፣ ፕራዮሪክስ የተባለው የለውም። ይህን የሚያውቅ ነርስ ሌላኛውን ያስመጣል፤ ነገሩም በአምስት ደቂቃ ያልቃል። የማያውቀው «ሃይማኖታቸው ከለከላቸው» ብሎ ይጽፋል። እርስዎ ጋ ያለው የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

ወደ ክፍልዎ እንመለስ። መጀመሪያ ጥናቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት። በ2014 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ክትባቱ ኦቲዝም እንደማያመጣ ማስረጃ የተሰጣቸውን ወላጆች አይቶ ነበር። ሐሰቱን ማመናቸው ቀነሰ፤ ከመጀመሪያውም ክትባትን ሲጠሉ የነበሩት ግን ቀጣዩን ልጅ የማስከተብ ፍላጎታቸው ይባስ ወረደ። ሰው በክርክር ሲረታ ሐሳቡን የሚለውጥ ቢሆን የእኛ ሥራ ቀላል ነበር።

በምትኩ «ስለዚህ ክትባት ምን ሰምተዋል?» ብለው ይጀምሩና ዝም ይበሉ። ዝምታው ከባድ ነው፤ እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከግማሽ ደቂቃ በላይ አልቻልኩም። ተናግራ ስትጨርስ «የማውቀውን ልንገርዎት?» ብለው ፈቃድ ይጠይቁ። አስተርጓሚ ካስፈለገ የቤተሰቡን ልጅ አያስተርጉሙ፤ ልጁ የሚያሳፍረውን ይዘልላል፣ እናትም በልጇ ፊት ፍርሃቷን አትናገርም።

የጎንዮሽ ጉዳቱን ደግሞ ሳትጠይቅዎ ይንገሯት። ከሳምንት በኋላ ትኩሳትና ቀላል ሽፍታ ሊመጣ ይችላል። ከ3,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ ክትባቶች በአንዱ ትኩሳቱ ልጁን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፤ በጣም ያስደነግጣል፣ ዘላቂ ጉዳት ግን አይተውም። ከባድ አለርጂ ከሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። ይህን ስናገር ባልደረቦቼ «ታስፈራሪያቸዋለሽ» ይሉኛል። የሚያስፈራው ግን «ምንም የለውም» ተብላ ሄዳ፣ በስምንተኛው ቀን ሌሊት ልጇ ሲግል ብቻዋን መሆኗ ነው። ያቺ እናት ሁለተኛውን ዙር አትመጣም፤ ለጎረቤቶቿም ትነግራለች። ከዚህ ጎን ኩፍኙን ያስቀምጡት። ከ1,000 የታመሙ ልጆች ከአንድ እስከ ሦስቱ ይሞታሉ፣ አንዱ የአንጎል ብግነት ይይዘዋል። ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ አየሩ ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ለዚህ ነው ከ100 ልጆች 95 መከተብ ያለባቸው። ይህን ሲናገሩ ግን በዛቻ ድምፅ አይሁን።

«ስለ እኛ መቼ ተጨንቃችሁ ታውቃላችሁ?» ስትል መልሱ «እንጨነቃለን!» አይደለም። «ምን አድርገውብዎ ነው?» ይበሏት። የምትነግርዎ ነገር እውነት ከሆነ እውነት ነው ይበሉ። ለተቋሙ ጠበቃ አይቁሙ፤ ጠበቃ አለው። ቅሬታዋ የሚስተካከል ከሆነም፣ ለምሳሌ የመዝገብ ክፍሉ ሰው ስሟን እያዛባ የሚስቅ ከሆነ፣ ክትባቱን ሳያነሱ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ።

ብቻዎን አይሁኑ። በ2018 እና በ2019 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በአብዛኛው ሃይማኖታቸውን በጥብቅ በሚይዙት በብሩክሊን ሐሲዲም አይሁዶች ሰፈሮች፣ 649 ሰው በኩፍኝ ሲያዝ ከተማው ቅጣትና የግዴታ ትእዛዝ አወጣ። ከዚያ ጎን ግን የማኅበረሰቡ ሴቶች የሆኑ ነርሶች በሰፈሩ ሲዞር ለነበረ አንድ ፀረ ክትባት መጽሔት በራሳቸው አነጋገር መልስ አዘጋጅተው ከእናቶች ጋር ሲነጋገሩ ነበር። ትእዛዙን አልነቅፍም፤ ወረርሽኝ ጊዜ አይሰጥም። ነገር ግን አስቀድሞ በተቆጣ ሕዝብ ላይ ፖሊስ የሚያመጣው ክትባት ለቀጣዩ ክትባት ዕዳ ይተዋል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፦ የሃይማኖት አባት ወይም ሽማግሌ ሲጋብዙ የተዘጋጀ ንግግር አስይዘው አይሁን። ሕዝቡ ቃል አቀባይን ከአባት ይለያል።

ተስፋ የሚሰጠኝን ምሳሌ ልጨምርልዎት። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን የሚያክመው የፌዴራል ጤና አገልግሎት፣ በ1976 በወጣ የመንግሥት ኦዲት መሠረት፣ ከ12 ቀጠናዎቹ በአራቱ ብቻ ከ1973 እስከ 1976 ባለው ጊዜ 3,406 የማምከን ቀዶ ሕክምናዎች አድርጓል፤ የፈቃድ አሰጣጡም ደንቡን የጠበቀ አልነበረም። የእነዚያ ሴቶች ልጆች ዛሬ እናቶች ናቸው። የኮቪድ ክትባት ሲመጣ እነዚህ ሕዝቦች እምቢ ይላሉ ተብሎ ቢጠበቅ ማን ይፈርዳል? በ2021 ግን በአሜሪካ በብዛት ከተከተቡት ወገኖች ግንባር ቀደም ሆኑ። መርፌው ያው ፋይዘርና ሞደርና ነው። ሥራውን ግን ጎሳዎቹ ራሳቸው ያዙት፤ ማን ይቅደም የሚለውንም ራሳቸው ወሰኑ። የቸሮኪ ሕዝብ ቋንቋውን አጣርተው ለሚናገሩት ቅድሚያ ሰጠ፤ ስታንዲንግ ሮክ የተባለው ጎሳም ለላኮታና ለዳኮታ ተናጋሪዎች እንዲሁ አደረገ። አያት ከሞተች ቋንቋው አብሮ ስለሚሞት ነው። ይህን ምክንያት ከዋሽንግተን የመጣ የትኛውም ፖስተር ሊያስበው አይችልም ነበር።

እናትየዋ ዛሬ እምቢ ካለች ቀጠሮ ይስጧት እንጂ ከመዝገብ አያስወጧት። አንዳንድ ክሊኒኮች ያልተከተበን ቤተሰብ ያሰናብታሉ፤ እኔ አልደግፈውም፣ ልጁን የሚያየው የጤና ባለሙያ ይጠፋልና። ኩፍኝ በአካባቢው ከገባ ለበሽታው በተጋለጠ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ክትባት አሁንም ሊያድነው እንደሚችል አሁኑኑ ይንገሯት፤ በዚያ ቀን ለማን እንደምትደውል ስምና ስልክ ጽፈው ይስጧት። ካርዷ ላይ «ክትባት እምቢ ያለች» የሚል ካለም ይሰርዙትና የጠየቀችውን በራሷ ቃል ይጻፉበት፤ ቀጥሎ የሚያያት ባለሙያ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ይሁን።